ጋሽ ጆሮ ያንኳኩት

ብሎኑ አልጠብቅ አለ።

አቧሪት መፍቻውን አንዴ አዞረችው፤ ዞረ። ደገመችው፤ አሁንም ዞረ። ደህና ብሎን መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግትር ይላል፣ ክንድ ይመልሳል። ይሄኛው ግን ሥራ እንደፈታ ሰው ዝም ብሎ ይዞራል። ያለ ነገር አልነበረም። ከብሎኑ ራስ ሥር ቡናማ ውሃ ብቅ አለና ትናንት የደረቀውን ነጭ ቀለም እያበላሸ በጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ላይ ወረደ። የሞተሩ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

በጣቷ ጠረገችው። ሌላ ጠብታ መጣ።

"ልጠጋ ወይስ ይበቃል?" አለ ወንድሟ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ። ጀልባዋ የተጫነችበትን ተጎታች ከመኪናው ጋር ለማያያዝ ወደ ኋላ እየነዳ ነበር።

"ቁም።"

"ገና ነው እኮ፣ ትንሽ ይቀራል።"

"ቁም አልኩህ። አጥፋና ውረድ።"

ወረደ። እህቱ በዚህ ድምፅ ስትናገር ክርክር እንደማያዋጣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እሷ እውነተኛ ስም አላት፤ ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ፋይበር ስትፍቅ አቧራ ለብሳ ስለምትውል፣ የሰፈሩ ሰው አቧሪት ብሎ ከጠራት ቆይቷል። አሁንማ በሌላ ስም ቢጠሯትም ቶሎ አትዞርም። ወንድሟን ደግሞ ፍሬን ይሉታል። ጀልባ ፍሬን የለውም፣ እሱም የለውም፤ መቼም ሰው ሲቀልድ የሌለህን ነገር ነው ስም አድርጎ የሚሰጥህ።

ጀልባዋ የአባታቸው የወጣትነት ነገር ናት። አፍንጫዋ ሹል፣ ሆዷ ስለታም ናት፤ ነዳጅ ሲለቀቅላት ከውሃው በላይ ብድግ ብላ በጅራቷ ብቻ የምትሮጥ ዓይነት። አባታቸው በእሷ ስንቱን ውድድር አሸንፈው፣ ስንቱን ወጣት አስቀንተው፣ በኋላ ልጅ ሲመጣ፣ ቤት ሲመጣ፣ ሥራ ሲመጣ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ ሸራ አልብሰው አስቀመጧት። እዚያው አረጀች። አምና ግን ከህመም ተነስተው ገና ከአልጋ እንደወረዱ፣ "ሳልሞት አንድ ቀን ልሳፈርባት" አሉ። አባት እንዲህ ካለ ምን ይባላል? ልጆቹ ሸራውን ገፈፉ።

ሥራው በአፍ እንደሚወራው አልነበረም። የእንዲህ ያለ አሮጌ ጀልባ በሽታው አይታይም። ላይና ታቹ ፋይበር ነው፣ መሃሉ እንጨት። በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ ውሃ ከገባ እንጨቱ በሁለት ቆዳ መሃል ታፍኖ ይበሰብሳል፤ ከውጭ የሚያየው ሰው ግን አዲስ ነው ብሎ ይምላል። ላዩ መስታወት፣ ውስጡ ጭቃ። አቧሪት ወለሉን ቆርጣ አነሳች፣ የበሰበሰውን እንጨት በእጇ እየዛቀች አወጣች፣ አዲስ ኮምፔንሳቶ አስገባች፣ ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ማጣበቂያ እያጠጣች በፋይበር ጨርቅ ሸፈነችው። ክንዷ እስኪያሳክካት፣ ሳሏ ቤተሰቡን እስኪያስነሳ ሠራች። የኋላ ግድግዳውን ግን አልነካችም። ያልነካችበት ምክንያት አለ።

የተደበቀ ብስባሽ የሚገኘው በጆሮ ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ማንኳኳት ነው፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይመልሳል፣ የበሰበሰው ድፍን ብሎ ይቀራል። በዚህ ሥራ አባታቸውን የሚስተካከል አልነበረም። ሰው ከሩቅ ጀልባውን እየጎተተ ያመጣላቸው ነበር፤ "ጋሽ ጆሮ ያንኳኩልኝ" ይላቸዋል። አንገታቸውን ዘንበል፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያንኳኳሉ፤ ከዚያ "እዚህ ጋ ክፈተው" ወይም "ደወል ነች፣ እንዳትነካት" ይላሉ። ያሉት ሁሉ ይሆናል። በዚህ ቤት አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ጋሽ ጆሮ ያንኳኩትን ማንም ደግሞ አያንኳኳም። ማንም አላዘዘም፤ ይሉኝታ ነው። አባት መርምሮ ከጨረሰ በኋላ ልጅ መዶሻ ካነሳች፣ አባቷን ዋሾ አለች ማለት ነው።

የኋላ ግድግዳውን ደግሞ ጋሽ ጆሮ ራሳቸው አንኳኩተው፣ "ይሄ ደወል ነው" ብለው ነበር። አቧሪት ስቱኮ ቀባችበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ ነጭ ቀለም ረጨችበት።

አሁን መዶሻውን አነሳች። ስርቆት የገባች ነው የመሰላት። በእጀታው ግድግዳውን አንኳኳች።

ድፍ።

ወደ ጎን አለፈች። ድፍ። ወደ ታች ወረደች። ድፍ፣ ድፍ። ዳር ላይ ብቻ ነው ጥርት ያለ ነገር የተሰማት።

"ምንድን ነው?" አለ ፍሬን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ድሪሉን ስጠኝ።"

በቀጭኑ መብሻ አንዲት ቀዳዳ በሳች። ከደህና እንጨት ቢጫ ፍርፋሪ ነው የሚወጣው፤ ከዚህ የወጣው ግን ጥቁር፣ የረጠበ፣ ከማንቆርቆሪያ እንደተደፋ የሻይ ቅጠል ያለ ነገር ነው። ሽታው የተዘጋ ምድር ቤት ነው። መዳፏ ላይ ይዛ አሳየችው።

ፍሬን አየው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ወደ ቤቱ በር አየ። አባታቸው ውስጥ እየለበሱ ነው። ዛሬ ነው ቀኑ። የድሮ ጓደኞቻቸው ሁሉ፣ አብረዋቸው ይወዳደሩ የነበሩት፣ ውሃው ዳር ተሰብስበው እየጠበቁ ነው። አባት ከልጁ ጎን ተቀምጦ፣ ጀልባዋ በሙሉ ኃይሏ ትሮጣለች። ዕቅዱ ይሄ ነበር። በሙሉ ኃይሏ ስትሮጥ ያ ግድግዳ ከተቀደደ፣ ሞተሩ ግድግዳውን ይዞ ይገነጠላል፤ ውሃው በኋላዋ ይገባል። ያኔ አባትና ልጅ ከዳር ርቀው፣ በዚያ ፍጥነት ላይ ናቸው። አቧሪት ይሄን ስታስበው የተጎታቹ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

"ቀስ ብዬ ብነዳትስ?" አለ ፍሬን።

"አንተ?"

"በግማሽ ኃይል። ሰዎቹ ፊት አንዴ ዞር አድርጌው ልመልሰው። ደስ ይበለው ሰውዬው።"

"አንተ በግማሽ ኃይል የነዳኸው የልጅነት ብስክሌትህን ብቻ ነው፤ እሱንም ሰንሰለቱ ስለተበጠሰ።"

ሊስቅ ከጀለውና ተወው። ተጎታቹን ተደግፎ ጭንቅላቱን አከከ።

"እሺ፣ ሌላ እንበለው። የሞተሩ ፓምፕ ተበላሽቷል እንበል፣ ዕቃ እስኪመጣ ይቆይ እንበል። አንቺ ቀስ ብለሽ ግድግዳውን ትቀይሪዋለሽ፣ ቀለሙን ትመልሺዋለሽ፤ እሱ ምንም ሳያውቅ ይሳፈራል። ማን ተጎዳ?"

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም የፍቅር ሐሳብ ነው። ጋሽ ጆሮ እንደማይሰሙ ቤቱ ካወቀ ሰንብቷል። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማው ያስጮሁታል። ሲያወሯቸው ዓይን ዓይን ሳይሆን አፍ አፍ ያያሉ። ቀልድ ሲወራ ከሰው ዘግይተው ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እዚህ ቤትም ሁሉም ያውቃል፣ የነገራቸው ግን የለም። እሳቸውስ ቢሆኑ? ስማቸው ጆሮ የሆነ ሰው፣ ጆሮዬ ሄደ ብሎ ከየት ይጀምራል?

"በሽታውን የደበቀ..." ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። አንድ ነገር ትዝ አላት። ትዝ ሲላት ከተቀመጠችበት ተነሳች።

"የካፒቴን ጀልባ" አለች።

"የቱ?"

"ማመላለሻው። አዲስ ትልቅ ሞተር ሊሰቅልበት ነው ብሎ አባዬን ወስዶት አልነበረም? አባዬ አንኳኩቶ፣ ደህና ነው፣ ስቀልበት አለው እኮ።"

ያ ጀልባ በየቀኑ ሰው ከወዲህ ወዲያ ማዶ ያመላልሳል። ገበያተኛ፣ ተማሪ፣ ወደ ሐኪም የሚሄድ በሽተኛ። አቧሪት ስልኳን አውጥታ ደወለች። ጣቷ ላይ ያለው ጥቁር ብስባሽ የስልኩ መስታወት ላይ ተቀባ።

"ካፒቴን፣ እኔ ነኝ፣ የጋሽ ጆሮ ልጅ።"

"አቧሪት! ዛሬ አባትሽን ልትድሩ ነው አሉ" አለ ካፒቴን፣ ከጀርባው የሰው ጫጫታ እየተሰማ። "እኔም የማዶውን አድርሼ እመለሳለሁ፤ ሳልመጣ እንዳትጀምሩ።"

"ሰው ጭነሃል?"

"እየጫንኩ ነው። ምነው፣ ቦታ ልያዝልሽ?"

"አትውጣ። ሰዉን አውርደው።"

"ምን ሆነሽ ነው?" አላት።

"የኋላ ግድግዳው እንደገና መታየት አለበት። እስኪታይ እንዳትንቀሳቀስ።"

"አባትሽ አይተውት የለ እንዴ? ደወል ነው ብለውኛል። እሳቸው ካሉ ካሉ ነው።"

"ካፒቴን፣ ብሎኖቹ እንዴት ናቸው?"

"ብሎን ያው ብሎን ነው። ሞተሩ አዲስ ስለሆነ ነው መሰለኝ ጠዋት ጠዋት ላላ ይላሉ፤ አጠብቃቸዋለሁ።"

አቧሪት ወደ ጀልባዋ ዞረች። ጠብታው ከግድግዳው ላይ ገና እየወረደ ነው፤ እያየችው ነው።

"እየለመንኩህ ነው፣ ሰዉን አውርደው። ስለምትወደው ሁሉ—"

"ስሚኝ" አለ ካፒቴን፤ አሁን ጨዋታው ከድምፁ ጠፍቷል። "እወድሻለሁ፣ አከብርሻለሁም። ግን ይሄን ሁሉ ሰው ጀልባው ሊሰምጥ ነው ብዬ ካወረድኩ ነገ ማን ይሳፈርልኛል? የመረመሩት እሳቸው ናቸው። ተሳስቻለሁ ካሉ እሳቸው ይበሉኝ። በልጅ ቃል የአባትን ቃል አላፈርስም። እስኪሞላ እዚሁ ነኝ፤ ከሞላ እሄዳለሁ።"

ዘጋው።

ጋሽ ጆሮ በዚሁ መሃል ከቤት ወጡ። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ያን የውድድር ዘመን ሰማያዊ ጃኬት ለብሰዋል፤ ትከሻው ላይ ሰፍቷቸዋል፣ ሆዳቸው ላይ ግን አልዘጋ ብሏል። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

"ምነው ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ቆማችሁ ቀራችሁ?" አሉ። "መኪናው ለምን ቆመ?"

ፍሬን ቀደመ። "አባዬ፣ ሞተሩ ትንሽ... ፓምፑ እኮ—"

"ፓምፑ አይደለም" አለች አቧሪት። "ግድግዳው በስብሷል።"

"እ?"

"ግድግዳው።"

"ግድግዳው ምን ሆነ?" አሉ፣ ፈገግታቸው ሳይጠፋ፣ ዓይናቸው አፏ ላይ ሆኖ።

"በስብሷል አባዬ። የኋላው ግድግዳ በስብሷል።"

ይሄን ሰሙት፤ ወይም ከአፏ አነበቡት። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ሄደ።

"ማነው ያለው?"

"እኔ ነኝ። አንኳኩቼው ነው።"

"አንኳኩተሽው።" ቃሉን እንደ መራራ ነገር አላመጡት። "እኔ ያንኳኳሁትን አንቺ ደግመሽ አንኳኳሽው።"

"ብሎኑ አልጠብቅ ስላለኝ ነው።"

"ብሎን አልጠብቅ ካለ ብሎን ይቀየራል። ወዲህ በይ።" መዶሻውን ካስቀመጠችበት አነሱት። ወደ ጀልባዋ ሄዱ፤ አንገታቸውን ዘንበል፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና አንኳኩ። ድፍ። ድፍ። ድፍ። "ስሚ" አሉ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። "ሰማሽ? ደወል ነው።"

አቧሪት እንባዋ መጣ። የሚያንኳኩት ልክ እንደ ድሮው ነው፤ እጃቸው፣ አንገታቸው፣ ከንፈራቸውን የሚነክሱት ነገር ሁሉ አልተለወጠም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው። ደግሞም የካፒቴን ጀልባ በሰው እየሞላ ነው።

"ደወል አይደለም አባዬ።"

"ምን?"

እጃቸውን ይዛ መዳፋቸውን ገለበጠችና ያን ጥቁር ብስባሽ አስቀመጠችበት። በአውራ ጣታቸው አሹት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። የእድሜ ልክ ሥራቸው ነው፤ ምን እንደሆነ ለመንገር ማንም አላስፈለጋቸውም።

"የዝናብ ውሃ ገብቶ ይሆናል" አሉ፣ ድምፃቸው ግን ወርዷል። "ሸራው ተቀዶ ሰሞኑን ገብቶ ይሆናል።"

"ዝናብ በሰሞን እንጨት አያበሰብስም። ይሄን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።"

"እና ምን ልትይ ነው?"

ፍሬን ከጀርባቸው ሆኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀባት፤ ተዪ ማለቱ ነው። አቧሪት አየችው። እሷም ብትተው ትወድ ነበር።

"ጆሮህ አይሰማም አባዬ" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ። "ከሄደ ቆይቷል። ሁላችንም እናውቃለን።"

ጋሽ ጆሮ ብስባሹን መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። አንዴ ወንድ ልጃቸውን አዩት፤ ፍሬን መሬት መሬት አየ። ያ በቃቸው።

"ሁላችሁም" አሉ።

"አዎ።"

"እና ዝም ብላችሁ አስቀመጣችሁኝ።"

"ዝም አልን።"

"እያወቅሽ ነው ቀለም የቀባሽበት?"

"ስለ ግድግዳው አላወቅሁም። አንተ ስላንኳኳኸው እኔ አላንኳኳሁም። ማንኳኳት ነበረብኝ፤ ፈራሁ። አንተን እንዳላሳዝን ብዬ ልገድልህ ነበር።"

ጋሽ ጆሮ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ተነፋ፤ ልጆቹ የሚያውቁት ያ ቁጣ እስኪወርድ ጠበቁ። አልወረደም። ተጎታቹን በእጃቸው ፈልገው ተደገፉ።

"ድምፁ ሲርቀኝ እጄን ማዳመጥ ጀመርኩ" አሉ። "መዶሻው ሲመለስ እጄ ላይ የሚሰማኝ ነገር አለ። እሱ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ለካ እጅም ያረጃል።"

አቧሪት ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ጊዜ ግን አልነበረም።

"አባዬ፣ የካፒቴን ጀልባ ሰው እየጫነ ነው።"

"እ?"

"የካፒቴን ጀልባ!" ብላ ጮኸች። "አንተ ያንኳኳኸው! ብሎኖቹ ይላላሉ ብሎኛል። ሰው እየጫነ ነው። አውርድ ስለው፣ አባትሽ ካልነገሩኝ አላወርድም አለ።"

ጋሽ ጆሮ ይሄን ለመስማት ድጋሚ አላስፈለጋቸውም። ፊታቸው አመድ መሰለ። ብስባሹን ከመዳፋቸው አራገፉና እጃቸውን ዘረጉ።

"ደውዪ" አሉ።

ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ካፒቴን እያነሳ አይደለም። ፍሬን የመኪናውን በር ከፍቶ እግሩን አስገብቷል፤ ካላነሳ በረው ሊደርሱበት ነው፣ ግን ከዚህ እስከ ዳሩ ያለው መንገድ አጭር አይደለም። ደግማ ደወለች።

"አቤት፣ ምንድን ነው እንደገና?" አለ ካፒቴን፤ የሞተር ድምፅ ከጀርባው ይንደቀደቃል። "ገመዱን እየፈታሁ ነው።"

"አባቴን ላቅርብልህ።"

ስልኩን ሰጠቻቸው። ጋሽ ጆሮ ጆሮአቸው ላይ ለጠፉት፤ በሁለት እጃቸው ነው የያዙት።

"ካፒቴን፣ እኔ ነኝ" አሉ። "የምትለው አይሰማኝም፤ ስለዚህ አትልፋ፣ ዝም ብለህ ስማኝ። ጀልባህን ሳንኳኳ ምንም አልሰማሁም። ደህና ነው ያልኩህ ከልምድ ነው። ልጄ ትክክል ናት። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል፤ እኔ ነኝ ያልነገርኩህ። ሞተሩን አጥፋ። ሰዉን አውርድ። አንድ ሰው ሳይቀር።"

ከዚያም ስልኩን እንደያዙ ቆሙ። ልማድ ሆኖባቸው መልስ እየጠበቁ ነው። ምንም ሳይመጣላቸው ሲቀር ለአቧሪት መለሱላት።

"ምን አለ?"

አቧሪት አዳመጠች። ካፒቴን ለሷ ምንም አላለም፤ ስልኩን ሳይዘጋ የሰው ስም እየጠራ፣ "ውረዱ፣ ኧረ ውረዱ፣ ተማሪዎቹ ቀድመው ይውረዱ" እያለ ነው። ሰዎች ያጉረመርማሉ፤ አንዲት ሴት የዕቃዬስ ነገር ትላለች። የሞተሩ ድምፅ ጠፋ።

"እያወረዳቸው ነው" አለች ለአባቷ፣ ጮክ ብላ።

ጋሽ ጆሮ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጀልባቸውን ተደግፈው ትንሽ ቁና ቁና ተነፈሱ።

"አቧሪት" አለ ካፒቴን በስልኩ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ። "አውርጃለሁ። አሁን ማነው የሚያይልኝ? ሰዉ ከቦ እያየኝ ነው። ምን ልበላቸው? ሰው ይላክልኝ።"

አቧሪት አባቷን አየቻቸው። እሳቸው አፏን እያዩ ነው። ካፒቴን የጠየቀውን ቃል በቃል ባይሰሙትም ምን እንደሚጠይቅ ገብቷቸዋል፤ ሌላ ምን ሊጠይቅ ይችላል? ትናንት ቢሆን "አባቴን ይዤ እመጣለሁ" ትለው ነበር። ክብር ነው፤ ለሥነ ሥርዓት ያህል እንኳ ፊት ፊት ታስቀድማቸው ነበር።

"እኔ መጥቼ አያለሁ" አለች።

ዘጋችው።

"ምን አልሽው?" አሉ ጋሽ ጆሮ።

"እኔ መጥቼ አያለሁ አልኩት።"

ጋሽ ጆሮ ተዘግተው የነበሩትን የጃኬታቸውን የላይ ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱና አውልቀው የተጎታቹ ጫፍ ላይ አንጠለጠሉት።

"ጓደኞችህስ አባዬ?" አለ ፍሬን፣ ጠጋ ብሎና ጮክ ብሎ። "እዚያ እየጠበቁህ ነው። ፓምፑ ነው ልበላቸው?"

"ደንቁሯል በላቸው" አሉ ጋሽ ጆሮ። "አታስረዝመው። ግማሾቹ እንደሆነ አይሰሙህም።"

ፍሬን ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን አዞረ። አቧሪት ግን አልሳቀችም። አባቷ ፋይበር መቁረጫ ማሽኑን ከመደርደሪያው ላይ አንስተው ገመዱን እየፈቱ ስለነበር እሱን ነው የምታየው።

"ተው አባዬ። እስክመለስ ጠብቀኝ፣ አብረን እንከፍታታለን።"

"እኔ ነኝ ደህና ነሽ ያልኳት፤ እኔው እከፍታታለሁ። ለመቁረጥ ደግሞ ጆሮ አያስፈልግም። አንቺ ሂጂ፣ ሰዎቹ ቆመዋል።"

ፍሬን ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ብቻውን ልንተወው ነው እንዴ? ቅድም እንኳ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አላየሽም?" አላት።

አቧሪት አይታለች። በዚያ ማሽን ላይ አንድ ስህተት ምን እንደሚያደርግም ታውቃለች። ፍሬንን "አንተ ቅር" ልትለው ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷ ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክተው፣ በእርሳስ ከግድግዳው ዳር ጀምረው የሚቆረጠውን መስመር እያሰመሩ ናቸው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

"ተወው፣ ይክፈታት" አለች።

የአቧራ መከላከያ ማስኳን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸውና ወደ መኪናው ሄደች።